ማር የነካው አውራ ጣት

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። እናቴ "ይቺ ልጅ ስታለቅስ ሳይሆን ስታወራ ነው የተወለደችው" ትላለች። ዶርም ውስጥ ደግሞ ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ሠርክአዲስ "ያምሮት እንቅልፍ ወስዷትም ታወራለች" እያለች ታማኛለች። ሐሜቱ እውነት ነው። በሕይወቴ ዝም ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ አይሉም ነበር፤ የኔው ነቅዟል።

ሀምዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሀምዱ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ አባቱ ከዋናው መንገድ ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። እኔ ከማንኩሳ ወርዶ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ቀበሌ የገበሬ ልጅ ነኝ። መንገዱ ምንም አይደለም። ግን እነሱ ቤት ቢስሚላህ ተብሎ ይታረዳል፣ እኛ ቤት በስመ አብ ተብሎ። እኛ አገር ሰው ከሰው ጋር አርባ ዓመት ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፤ ለቅሶ ይደራረሳል፣ ሠርግ ይጠራራል፣ ሥጋው ላይ ሲደረስ ግን ትሪው ይለያል። ለእስላም ጎረቤቶቻችን በጉ ከነነፍሱ ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው ያርዳሉ፣ ራሳቸው ይሠራሉ። ማንም በዚህ አይቀየምም። እኔም ካምፓስ እስክገባ ድረስ አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

የተዋወቅነው ቡሬ ካምፓስ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ሁለታችንም ፕላንት ሳይንስ ነን። ለተግባር ትምህርት የስንዴ ማሳ ልናርም ወጣንና ሀምዱ የደረሰውን መደብ ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ። ላቡን እየጠረገ "የገበሬ ልጆች ነን ስትሉ አልነበር? ምነው ዘገያችሁ?" ብሎ ፎከረብን። ሄጄ ባየው፣ ስንዴውን ነቅሎ አረሙን፣ ሲናሩን፣ አቁሞታል።

"እንዲያው በሞቴ!" አልኩት። "እህል ሱቅ ውስጥ ነው የሚበቅለው ብለው ነው ያሳደጉህ?"

በመናደድ ፈንታ ሳቀ። "ጨርቅ አምጪልኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጥጡን ከፖሊስተሩ በጣቴ እለይልሻለሁ። ይሄ ግን፣ እህቴ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ "ሁሉም አረንጓዴ" ብሎ ይጠራው ጀመር። ማታውኑ ተመልሶ የነቀለውን ስንዴ አንድ በአንድ ሲተክል አገኘሁት። መምህራችን በማግስቱ ያንን አይተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የነቀለውን መልሶ ሊተክል የሚጎነበስ ወንድ አይቼ አላውቅም ነበርና።

ያ ዘመን ኔትወርክ የጠፋበት ነው። ስልካችን ከሰዓትነትና ከባትሪነት ሌላ ሥራ አልነበረውም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ ተዋደድን። ሀምዱ ሃንዳውት ሊያውሰኝ ሲመጣ በመካከሉ አንድ ገጽ ይደብቃል። ሠርክአዲስ አንዴ ነቃችብንና ደብዳቤውን መንጭቃ፣ አልጋዋ ላይ ቆማ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፅዋን አወፍራ ለዶርሙ ሁሉ አነበበችው።

"ያምሮት፣ ዛሬ ካፌ ስትገቢ ነጠላሽ ከግራ ትከሻሽ ወርዶ ነበር። ላነሳልሽ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። አባትሽ ሳያውቁኝ እጄ አይነካሽም። ካወቁኝ በኋላ ግን ስለ ነጠላሽ አታስቢ፣ ሥራው የኔ ነው።"

ልጆቹ መሣቅ ጀምረው ነበር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሳቁ ቆመ። ሠርክአዲስም ወረቀቱን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና "አንቺ ዕድለኛ" ብላ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እሱም ቃሉን ጠበቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጫት ሰፈር ሲያልፉ ተቃቅፈው የሚሄዱት ጓደኞቻችን እያሾፉብን፣ ሀምዱ እጄን እንኳ ለሰላምታ ብቻ ነበር የሚጨብጠው።

አብረን በአንድ ትሪ የበላነው የሁለታችን ጾም በገጠመበት ሰሞን ነው። እስከዚያ ድረስ ላውንጅ ስንገባ እሱ የራሱን እኔ የራሴን ነበር። የኔ ዐቢይ ጾም ከእሱ ረመዳን ጋር ሲገጥም ግን ሽሮና ምስር ሁለታችንንም አስታረቀን። ቢላዋ ባልነካው ምግብ ላይ ማን ምን ይለናል?

"ያንተ ሠላሳ ቀን ነው፤ የኔ ሃምሳ አምስት!" እላለሁ።

"አንቺ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትበያለሽ። እኔ ፀሐይዋን እለምናለሁ" ይላል።

ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አልበላሁም። እሱ እስኪያፈጥር አብሬው እጠብቅ ነበር። ሠርክአዲስ አንድ ቀን ከንፈሬ ደርቆ አይታ "አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ለማን ነው የምትጾሚው?" አለችኝ። ደነገጥኩ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አለቀስኩ። ማታ ግን ተመልሼ ጠበቅሁት።

ከባዱን ነገር እንዳልጠቀስነው አይምሰላችሁ። እኔ ማተቤን አልበጥስም፤ እሱም ሃይማኖቱን አይተውም። "ስንመረቅ አባቴን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ" አልኩት። "እንዴት አድርጎ እንደሚሆን አላውቅም። እሺ ካለ ግን መላ እሱ ያውቃል።" ደረሰ የሚባለው አባቴ በቀበሌው ሽማግሌ ነው። የሰው ደም አድርቋል፣ የተጣላ አስታርቋል። ለሰው ሁሉ መላ ያላጣ ሰው ለልጁ አያጣም ብዬ አምን ነበር።

በመመረቂያችን ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ከማንኩሳ በመጣ ሚኒባስ መልእክት ደረሰኝ፤ አባትሽን በሬ ወግቶት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገብቷል። ሀምዱ "አገሩ የኔ ነው፣ ብቻሽን አትሄጂም" ብሎ አብሮኝ ተሳፈረ። ስንደርስ አባቴ እንደ ነጠላው ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ደም ያስፈልጋል ተባለ። የእናቴ አነሰ፣ የኔ አልገጠመም። ሀምዱ ማንም ሳይጠይቀው እጅጌውን ሰበሰበ። የሱ ገጠመ።

እናቴ አቻምየለሽ ጉልበቱን ልትስም ስትንበረከክ እሱም ደንግጦ ተንበረከከ፤ ሁለቱ ኮሪደሩ መካከል ተንበርክከው ተያዩ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ መጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስምንት ቀናት የሀምዱ እናት እትዬ ኡምሀኒ በየማለዳው በፔርሙዝ የአጃ አጥሚት ይልኩ ነበር። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ሥጋ አልነካውም፤ ድስቱም አዲስ ነው በሏቸው።" አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ።

እኔ ለፈተና ወደ ቡሬ ተመለስኩ። ቦርሳዬን ከአባቴ ራስጌ ትቼው ሄድኩ። ደብዳቤዎቹ ውስጡ ናቸው። አባቴ ማንበብ አይችልምና ምንም አላሰብኩም።

መጋቢት ላይ አባቴ ላከብኝ፤ "ያን ደም የሰጠኝን ልጅ ይዘሽልኝ ነይ።"

ሀምዱ ያን ቀን እንዴት እንደሆነ ብነግራችሁ! አዲስ ሸሚዝ ገዛ። ለእናቴ ስኳርና ቴምር ያዘ። ረመዳን ነው፤ እህል ውሃ ሳይቀምስ ከማንኩሳ ጀምሮ በዚያ አቧራ እየተራመደ ይለማመዳል።

"'ጋሼ ደረሰ' ልበል 'አባባ'?"

"ጋሼ በል። ቁምና፣ ጎንበስ ብለህ፣ በሁለት እጅህ።"

"ጫማዬን ላውልቅ?"

"ኧረ መስጊድ አይደለም!" ብዬ ሳቅሁበት። ያን ዕለት መንገዱን ሙሉ የሳቅሁት ሳቅ እስካሁን ያስቆጨኛል።

ስንደርስ አባቴ መደብ ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። የነፍስ አባታችን ቄስ ወልደ ገብርኤልና ሁለት ሽማግሌዎች በግራ በቀኙ አሉ። ሀምዱ እንዳስተማርኩት ጎንበስ አለ። አባቴ ግን ተነሣ። ቁስሉ እያመመው ተነሥቶ ጉንጩን ሳመው።

እናቴ ምግቡን በአዲስ ሳህን አሰናድታ ነበር፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ የሚባል የሌለበት ማዕድ። ቄሱ ጸልየው ሊቆርሱ ሲሉ አባቴ እጁን ዘረጋ። "ይቅርታ አባ። ልጁ ጾመኛ ነው። ፀሐይ ሳትገባ እቤቴ ማንም እህል አይቀምስም።"

ቄሱም "መልካም" ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ይህን አስቡት። የሃምሳ አምስቱን ቀን ጾም የያዙ ቄስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እናቴ፣ ሁላችንም ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቶ ሳለ ከባሕር ዛፉ ጀርባ የምትወርደውን ፀሐይ ተቀምጠን ስንጠብቅ። ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሲባል። ከደስታዬ ብዛት ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ወደውታል፣ አልኩ። አበቃ፣ መላው ተገኘ።

ፀሐይ ገባች። ሀምዱ ከኪሱ ቴምሩን ሊያወጣ ሲል አባቴ "ቆይ፣ ልጄ" አለው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ "ማሩን አምጪው" አለ። ወደ እኔ ደግሞ ሳያየኝ "አስታጥቢኝ።"

ማስታጠቢያውን ይዤ መጣሁ። ውሃውን ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ። አባቴ እጁን ሁሉ አላጠበም። የቀኝ አውራ ጣቱን ብቻ ነው ያጠበው፣ ደጋግሞ። ያኔ ገባኝ።

ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። አያቴ ከባዕድ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ወደውት፣ በምስክር ፊት አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቡት። የጡት ልጅ ይባላል። ጣቱ ጡት ነው፣ ማሩ ወተት ነው። ያን ማር የጠባ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከማኅፀን እንደወጣ ልጅ ነው፤ ያለቅሳል፣ ይቀብራል፣ በሐዘንም በደስታም አለ። ለቤቱ ሴቶች ልጆች ደግሞ ወንድም ነው። እኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ክብር ለሰው አይሰጥም። ወንድሟን የምታገባ ሴት ደግሞ የለችም።

አባቴ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ ዘረጋለት። ሀምዱ የከተማ ልጅ ነው። ይህን ከየት ይወቀው? ጾመኛ እንግዳን በጣፋጭ ማስፈጠር ያውቃል፤ እሱ ቤት ቴምር ነው፣ እዚህ ማር። ሽማግሌው በእጃቸው ሊያጎርሱኝ ነው ብሎ ፊቱ በራ። ዓይኑን ወደ እኔ ወረወረ፤ "አየሽ?" የሚል ዓይን።

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። "ተው!" ብል ይቆማል። አፌን ከፈትኩ። አባቴን አየሁት፤ ከሞት የተመለሰ፣ ጋቢው ከትከሻው የወረደ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ። ቄሱን አየሁ። የተዘረጋ አውራ ጣት በነፍስ አባቱ ፊት ቢመለስበት አባቴ ከሰው እንዴት ይቀላቀላል? ሀምዱስ ምን ያደርጋል፣ ከሞት ያተረፈውን ሰው ፊት ረግጦ ይወጣል? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። በዚያው ትንፋሽ ሀምዱ ጎንበስ ብሎ "ቢስሚላህ" አለና ማሩን ጠባ።

"ከእንግዲህ ልጄ ነህ" አለ አባቴ። "ቤቴ ቤትህ ነው። ደምህ እኔ ውስጥ አለ፤ ማሬ አንተ ውስጥ ገባ።" ሌላም ሊጨምር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ተወው።

ቄሱ "እግዚአብሔር ያጽናው" አሉ። ሁሉም "አሜን" አሉ። ሀምዱም ከሁሉ አስበልጦ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ "አሚን" አለ።

የማስታጠቢያው ውሃ እግሬ ላይ እየፈሰሰ ነበር። እናቴ "ልጄ፣ ምን ሆነሻል?" አለችኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት እስከ ማንኩሳ ሸኘሁት። መንገዱን ሙሉ ያወራው እሱ ነው። "አባትሽ ማለት ትልቅ ሰው ናቸው! እኔ እኮ ቢያንስ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። 'ልጄ ነህ' አሉኝ፤ ሰማሽ አይደል?" እኔ እርምጃዬን እቆጥራለሁ። ሚኒባስ የሚቆምበት ጋ ስንደርስ ነፋስ መጣና ነጠላዬ ከትከሻዬ ወረደ።

ሀምዱ አየው። ፈገግ አለ። "አሁንማ አባትሽ አውቀውኛል" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ወደ ኋላ ሸሸሁ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። "ምነው? ሰው ስላለ ነው?"

ያኔ ነገርኩት። እዚያው፣ በርበሬ በጫነ ጋሪና በባጃጅ ጡሩምባ መካከል። ጣቱ ምን እንደሆነ፣ ማሩ ምን እንደሆነ፣ እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምኑ እንደሆንኩ። መጀመሪያ ሳቀ። ቀልድ መስሎት። ሳቁ ከፊቱ ሲወርድ አየሁት፤ ያንን ማየት ለጠላቴም አልመኝ።

"ማር እኮ ነው፣ ያምሮት" አለ ቀስ ብሎ። "ማር ነው የበላሁት።"

"ለኛ ቃል ነው። በቄስ ፊት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ሀምዱ።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

ነጠላዬን ራሴ ወደ ትከሻዬ መለስኩ።

"ቆመሽ እያየሽ ነበር። ዓይኔን አይተሽዋል። ለስንዴና ለሲናር ያልደከመ አፍሽ የት ሄዶ ነበር? ተው ብትዪኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል! ተናግረሽ ሰው ቢቆጣን፣ ቢያባርሩን፣ አብረን እንባረር ነበር እኮ! ምነው ለኔ ሲሆን አፍሽ ተዘጋ?"

"አባቴ እንዳያፍር ብዬ…"

"እኔስ?"

ሚኒባሱ መጣ። የሚሄደው ወደ ፍኖተ ሰላም ነው። የኛ ትምህርት ወደ ቡሬ። ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮሃል። ሀምዱ ለእናቴ ሰጥቶ የተረፈውን አንድ ፍሬ ቴምር ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ መልሶ ከተተውና ገባ። በመስኮቱ እንኳ ዞሮ አላየኝም።

ወደ ቡሬ አልሄድኩም። ያን ሁሉ መንገድ እየሮጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። አባቴ በረት አጠገብ የወደቀ አጥር በአንድ እጁ ያነሣል።

"አባዬ፣ ምን አደረግኸኝ?" አልኩት። እንዲህ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። "እወደዋለሁ እኮ! ላገባው ነበር እኮ!"

አልደነገጠም። እንጨቱን አስቀመጠና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ታውቃለህ?"

"ሆስፒታል ሳለሁ ከቦርሳሽ ወረቀት ወደቀ። ከሐኪም የመጣ የመድኃኒት መስሎኝ ለአባ ወልደ ገብርኤል ሰጠኋቸው፣ አነበቡልኝ።" አፈሩን ከእጁ አራገፈ። "እጄ አይነካሽም ይላል። አባትሽ ሳያውቁኝ ይላል። ልጄ፣ እኔ በስድሳ ዓመቴ እንዲህ አድርጎ ያከበረኝ ሰው አላየሁም።"

"ታዲያ እንዲህ ያከበረህን ሰው…"

"ሁለት ወር አልተኛሁም!" አለ ጮክ ብሎ፣ ቁስሉን በእጁ ይዞ። "ለሰው ሁሉ መላ አለኝ ስል ለራሴ አጣሁ። ልሰጥሽ አልችልም፤ አንቺ ማተብሽን ብትይዢ እሱ ከወገኑ ይወጣል፣ እሱ ቢይዝሽ አንቺ ከኛ ትወጫለሽ። ልጄን ቆሜ አልቀብርም። ደግሞ ልመልሰውም አልችል። ደሙ እኔ ውስጥ እየሄደ እንዴት ብዬ በሬን ልዝጋበት? ቤቴ ላስገባው የቀረኝ በር ያ ብቻ ነበር።"

አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን አየሁ።

"ሁሉን ተናግሬ 'ያምሮት እህትህ ናት' ማለት ቀርቶኝ ነበር" አለ። "ምላሴ እምቢ አለኝ። አንቺን አየሁሽና እምቢ አለኝ።"

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ከጎኑ ተቀመጥኩና ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስኩለት። ከዚያ በላይ ያደረግሁት የለም፤ አቅምም አልነበረኝ።

ሀምዱ ሁለት ሳምንት ክፍል አልገባም። ከኢድ በኋላ ሠርክአዲስ ሃንዳውት ይዛ መጣች። አላነበበችውም፤ ውስጡ ወረቀት መኖሩን ግን አውቃለች። አስቀምጣልኝ ሌሎቹን ልጆች "ኑ ሻይ እንጠጣ" ብላ ከዶርም አስወጣቻቸው።

"ያምሮት፣ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ማር ሕግ አይደለም፣ በኛ ሃይማኖት ጡት የሚባለው ይሄ አይደለም ይለኛል ብዬ ነበር። ጨርቁን እያጣጠፈ ሰማኝ። 'ሰውየው ሲመርቁህ ምን ብለህ መለስክ?' አለኝ። 'አሚን' አልኩት። 'በቃ' አለኝ። ሌላ አልጨመረም። የተቆጣሁሽን እርሺው። ቆመሽ የነበረው እኔ ብሆን ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር፤ አባትሽ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።"

ወረቀቱን ፊቴ ላይ አድርጌ እስክደክም አለቀስኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለፋሲካ እናቴ አንድ ጠቦት ለብቻው አሰረች። "ይሄ የሀምዱ ነው፣ ራሱ መጥቶ ያርደዋል" አለች። ሀምዱ አልመጣም። ጠቦቱ አልታረደም፤ ክረምት ገብቶ ለምለም ሣር እስኪበላ አደገ።

የተመረቅነው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ ለሁለት ሰዓት ያህል ምሕረት ሰጠን። አባቴና እናቴ ከንጋት ጀምረው በጋሪም በመኪናም መጥተዋል። ሀምዱን ከማንኩሳ ወዲህ በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥቁሩን ጋዋን ለብሶ፣ ከስቷል። ቀጥ ብሎ ወደ አባቴ መጣ። ጋሼ አላለም። "አባባ" ብሎ ጉልበቱን ሳመ። አባቴ ራሱን ይዞ ቀና አደረገውና ግንባሩን ሳመው። እናቴ ናት ነገሩን ያቀለለችው፤ "በግህ ሰው መስሎ ጠብቆሃል፣ አንተ ጨካኝ!" አለችው። ሳቅን። በአራት ወር ውስጥ መጀመሪያ አብረን የሳቅነው ሳቅ ነበር።

ፎቶ አንሺው መጣ። ቀልደኛ ነው፤ እንደነዚያ ዓይነት ሰዎች ሁሉ። "እናንተ ሁለታችሁ ተጠጉ እንጂ! በመካከላችሁ ሚኒባስ ሊያልፍ ነው እንዴ? ምን ናችሁ ለመሆኑ፣ ፍቅረኛሞች?"

ሠርክአዲስ ከኋላ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማኋት። አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"እህቴ ናት" አለ ሀምዱ።

ጮክ ብሎ ነው ያለው፣ አባቴ እንዲሰማ። አባቴ ያቃተውን ቃል እሱ አወጣለት።

"ታዲያ እህትህን እቀፋት፣ ምን ታፍራለህ!" አለ ፎቶ አንሺው።

ሀምዱ ዞሮ አየኝ። ነጠላዬ ከጋዋኑ ላይ ከግራ ትከሻዬ ወርዷል። እጁን ዘረጋና አነሣልኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰበር ነገር። ከዚያ ክንዱን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት እጅ ነው። ከባድና ሞቃት ነበር። "ሳቂ፣ እህቴ" አለኝ በጆሮዬ። ሳቅሁ።

ፎቶው አሁን ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ እጁን ይዛ ትወስደዋለች። "እነዚህ ልጆቼ ናቸው" ትላለች። "አብረው ተመረቁ።" እንግዳውም አንዴ እኔን፣ አንዴ ፎቶውን ያይና "ውይ፣ እንዴት ይመሳሰላሉ!" ይላል። እኔ ያኔ ውሃ ልቀዳ ብዬ እወጣለሁ።